ሦስተኛው ዋቢ

ኦዴት ፔልቲየር ዘወትር ጠዋት የቤተ መጻሕፍቱን ምድር ቤት ከፍታ መብራቱን እንዳበራች መጀመሪያ የምትሠራው፣ ሰዎች ትናንት በኮምፒውተሮቹ ላይ ረስተዋቸው የሄዱትን ሲቪዎች ማጥፋት ነው። እያንዳንዱን ኮምፒውተር ታስነሳለች፣ የተተወውን ሰነድ ትከፍታለች፣ ከላይ እስከ ታች ታነበዋለች፣ ከዚያ ታጠፋዋለች። ማንበብ አይጠበቅባትም። የቤተ መጻሕፍቱ ደንብ አጥፊ ይላል እንጂ አንብቢ አይልም። እሷ ግን ሰውን ሳያዩ ማጥፋት ነውር ይመስላታል። አንዳንዱ ሲቪ መሀል ላይ የተቋረጠ ነው፤ «በሥራዬ ታታሪና» ይልና ከዚያ በታች ባዶ ነው። እንዲህ ያለውን ስታገኝ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳርፋ ትንሽ ትቆያለች።

ከጠረጴዛዋ በላይ በእጇ የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል። «አንድ ገጽ ብቻ። እውነቱን ብቻ። ዋቢዎች በሕይወት ያሉ ብቻ።» ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው የመጨረሻውን ሲያነብ ይስቃል። የሄሮን ፎልስ ሰው አይስቅም።

በከተማችን የወረቀት ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ሲቪ የሚባል ነገር የጻፈ ወንድ አልነበረም። ልጅ ትምህርቱን ሲጨርስ አባቱ ወይም አጎቱ፣ እነሱ ከሌሉም ከአባቱ ጋር በአንድ ፈረቃ የሚሠራ ሰው ትከሻውን ይዞ ወደ ፋብሪካው በር ይወስደውና «ይሄ የኔ ነው» ይላል። ማመልከቻው ይኸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያስገባው ሰው ስለሱ ይጠየቃል። ልጁ ሰክሮ ቢመጣ የሚጠራው ያስገባው ሰው ነው፤ ጣቱን ቢቆረጥ ለእናቱ የሚነግረውም እሱ ነው። ግንኙነቱ በጡረታም አይቋረጥም ነበር። አንድ ሰው ሲሞት ሬሳውን የሚሸከሙት እሱ ያስገባቸው ናቸው።

የኦዴት ባል ኖርማንድ የሦስት ቁጥር ማሽን የፈረቃ አለቃ ነበር። ልጅ አልነበራቸውም፤ እሱም ስለዚህ ይሁን በሌላ ምክንያት ብዙ የሰው ልጆች አስገብቷል። አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ኮፍያውን ቤት ውስጥ እንኳ የማያወልቅ ሰው ነበር። እንደ ማሽን አዳራሹ ሰዎች ሁሉ ከአፉ ይልቅ በእጁ ይናገራል። በዚያ ጩኸት መሀል ጆሮ አይሠራምና ወንዶቹ ለሁሉም ነገር የእጅ ምልክት ነበራቸው። ጣት በአንገት ላይ ማለፍ «አቁም» ነው፣ ክፍት መዳፍ ወደ ላይ ማንሣት «አስነሣ»፣ ሁለት ጣት በትከሻ ላይ ማሳረፍ «አለቃ መጣ»። ምልክቱ ከፋብሪካው ውጭም ይከተላቸው ነበር። እሑድ በቅዳሴ መሀል ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው በእጅ ሲነጋገሩ ቄሱ አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር።

ኖርማንድ የሞተው በጸደይ ወር፣ ከሰዓት በኋላ ባለው ፈረቃ ነው። ወረቀቱ በማድረቂያ ሲሊንደሮቹ መሀል ተበጠሰ፤ ማሽኑ ቆመ፤ ኖርማንድ የተበጣጠሰውን ሊያወጣ ገባ፤ ከመውጣቱ በፊት ማሽኑ ተነሣ። የመነሻውን ቁልፍ የተጫነው አልሲድ ቲቦዶ የሚባል፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ኖርማንድ ራሱ ያስገባው ሰው ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። መርማሪዎቹ መጡ፣ ጻፉ፣ ሄዱ፤ ማንንም ጥፋተኛ አላሉም። ከተማው ግን ብሎ ጨርሶ ነበር። አልሲድ በቀብሩ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ ሳለ፣ ሬሳው ሲወጣ የተሸከሙት ሰዎች ፊታቸውን አዞሩበት። እሱም ወደ ፋብሪካው አልተመለሰም። ኦዴት ያን ቀን አላየችውም፤ ቆሞ እንደነበር የሰማችው ኋላ ነው።

በማግሥቱ ዓመት መኸር ላይ ፋብሪካው ራሱ ተዘጋ። ስልኩ መደወል የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የደወለችው ከፖርትላንድ፣ ከአንድ የዕቃ መጋዘን የሆነች ሴት ነበረች።

«ሚስተር ኖርማንድ ፔልቲየርን ማነጋገር እችላለሁ?»

«የለም» አለች ኦዴት።

«መቼ ይመለሳል?»

ኦዴት የስልኩን ገመድ በጣቷ እየጠመዘዘች ምን እንደምትል አሰበች። «ዛሬ አይመለስም» አለች።

ሴትዮዋ በማግሥቱ ደግማ ደወለች። የፈለገችው ክሎቪስ ዱሴ ስለሚባል አመልካች ለመጠየቅ ነው። ክሎቪስ የሥራ ዋቢ ብሎ ኖርማንድን ጽፏል። በዚያው ሳምንት ስለሌላ ሰው ሌላ መሥሪያ ቤት ደወለ፤ ቀጥሎ ሌላ። ኦዴት ድንች እየላጠች፣ መስኮት እየወለወለች፣ ከደጅ ጫማዋን እያወለቀች፣ ስልኩ ይጮኻል፤ አንድ የማታውቀው ጨዋ ድምፅ ባሏን ያስጠራል። ሞቷል ስትላቸው ያዝኑላታል፣ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ይዘጋሉ። የተጠየቀለት ሰውም ሥራውን ሳያገኝ ይቀራል።

ክሎቪስን ነዳጅ ማደያው ቡና ሲቀዳ አግኝታ ያዘችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ኖርማንድ ሞቷል እኮ።»

«አውቃለሁ፤ ተሸክሜዋለሁ አይደል እንዴ።»

«ታዲያ ለምን ትጽፈዋለህ?»

ክሎቪስ ጥያቄው ከልቡ አልገባውም። «ማንን ልጻፍ? ያስገባኝ እሱ ነው» አላት።

ያኔ ነው ኦዴት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወርዳ፣ ለፋብሪካው ሰዎች ሲቪ የሚጻፍበት ጠረጴዛ ሰው እንደሌለው አይታ፣ እኔ እቀመጣለሁ ያለችው። ዕድሜዋን ሙሉ የጥርስ ሐኪም ቤት ጸሐፊ ነበረችና ትየባ ታውቃለች። የመጣችው ሰው ለመርዳት አልነበረም። የባሏን ስም ከወረቀቶቹ ላይ ልታወጣ ነው የመጣችው።

ወንዶቹ አንድ በአንድ መጡ። አንዱ ሲቪውን በአሳ ማጥመጃ ፈቃዱ ጀርባ ላይ ጽፎ መጣ። አንዱ ዕድሜውን፣ ክብደቱንና የቀዶ ጥገናዎቹን ዘረዘረ። የክሎቪስ የኢሜይል አድራሻ «ሰካራሙ ድብ» የሚል ነበር፤ ኦዴት አዲስ እስኪያወጣ ድረስ ከወንበሩ አላስነሣችውም። ለሁሉም የምትለው አንድ ነው። በግስ ጀምር። «ኃላፊነት ነበረብኝ» አትበል፤ ያደረግከውን ተናገር። የሥራ ማስታወቂያውን አንብብና እነሱ የተጠቀሙበትን ቃል መልሰህ ስጣቸው። ከሥራ የራቅክበት ጊዜ ካለ አትደብቀው፤ ባጭሩ ጥቀሰውና እለፍ። ዓሣ ማጥመድ እንደምትወድ ማንም አልጠየቀህም። ይህን ሁሉ ይሰሟታል። ወደ ገጹ ግርጌ ወርደው ዋቢዎቹ ጋ ሲደርሱ ግን ሁሉም የኖርማንድን ስም ይሰጧታል፤ እሷ ታጠፋውና በምትኩ በሕይወት ያለ ሰው ታስገባለች፤ የቤተ ክርስቲያን ኃላፊ፣ የእሳት አደጋ አዛዥ፣ ጎረቤት።

ክሎቪስ በየጊዜው ሥራ ያገኛል፣ በየጊዜው ይለቃል፤ ስለዚህ ምድር ቤቱ ቤቱ ሆኗል። ሲገባ ሁልጊዜ የሚላት አንድ ነገር አለ።

«እሜቴ፣ ዛሬ ስንት ሰው ገደልሽ?»

«ቀጣዩ አንተ ነህ፤ ተቀመጥ» ትለዋለች።

በዚህ ሁኔታ ዓመታት አለፉ፤ ስልኩም ቀስ በቀስ ዝም አለ። ኦዴት የፈለገችው ይህን ነበር። ያልጠበቀችው ዝምታው ምን እንደሚመስል ነው። ወጥ ቤት ቆማ ስልኩን የምታይበት ጊዜ ነበር። ባሏን በስሙ የሚጠራ ሰው አሁን የለም፤ ስሙን ከከተማው ወረቀት ሁሉ ላይ ለቅማ ያወጣችው እሷ ናት። ጎረቤቶች ሁሉ የቤት ስልካቸውን ሲያቋርጡ የሷ ቀረ። ለምን እንደምትከፍልበት የጠየቃት ሰው የለም።

አልሲድ ቲቦዶ ወደ ምድር ቤቱ የወረደው ባለፈው ዓመት፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ባለበት ሰሞን ነው። ከኩሬው ማዶ ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር፤ ክረምት በረዶ ይጠርጋል፣ በጋ እንጨት ይፈልጣል፣ የቀረውን ጊዜ አሮጊቷን ያስታምማል። እናቱ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ሞታለች። ቁመቱ ረጅም ነው፤ በደረጃው ጣሪያ ሥር ጎንበስ ብሎ ገባና ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆመ።

ክሎቪስ ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ አየው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«እዚህ ደግሞ ምን ትቆፍራለህ?» አለው።

«ሲቪ ላስጽፍ ነው።»

«ለአንተ ሲቪ ምን ያደርግልሃል፤ ሥራህን አገር ያውቀዋል።»

ኦዴት «ክሎቪስ፣ ውጭ ወጥተህ ሲጋራህን አጭስ» አለችው። ክሎቪስ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ፤ በሩን ግን አልዘጋውም።

«ተቀመጥ» አለችው አልሲድን።

ተቀመጠ። ኦዴት ከዚያን ጸደይ ወዲህ በዚህ ቅርበት አይታው አታውቅም። እጆቹ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ ትልልቅ፣ ንጹሕ፣ ጥፍራቸው ተቆርጦ ያለቀ። ዓይኗን ከቀኝ እጁ አነሣች።

የትምህርት ቢሮው ትምህርት ቤቱን ለሚያሞቀው ቦይለር ሰው ይፈልጋል። አልሲድ የቦይለር ፈቃዱን በየጊዜው ሲያሳድስ ኖሯል፤ ማንም ሳይጠይቀው። ይህ ሥራ ካልሆነ ቤቱን ሸጦ ኮነቲከት እህቱ ዘንድ ይሄዳል።

«ጋራዡ ውስጥ አልጋ ዘርግታልኛለች። መስኮትም አስገብታለች» አለ።

«መሄድ አትፈልግም?»

«እናቴ እዚህ ናት።»

ከኪሱ የቀን መቁጠሪያ ቅጠል አወጣ። ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በተጠነቀቀ ጽሑፍ፣ ሕይወቱን ጽፏል። ኦዴት እንደ ልማዷ ከታች ጀመረች። ዋቢዎች ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያዋ ደጇን የሚጠርግላት መበለት፤ ሁለተኛው የከተማው የእንስሳት ሐኪም። ሦስተኛው ኖርማንድ ፔልቲየር፣ የፈረቃ አለቃ። አጠገቡ የሷ ስልክ ቁጥር፣ አንድም ሳይሳሳት።

«ይሄ የኔ ስልክ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ግድግዳው ላይ ያለውን አንብበሃል?»

«አንብቤያለሁ።»

«እና?»

«ፎርሙ ከዋቢዎቹ አንዱ የቀድሞ አለቃ ይሁን ይላል» አለ አልሲድ። «ሌላ አለቃ ኖሮኝ አያውቅም፣ ኦዴት። እሱ ብቻ ነው።»

እርሳሱን አነሣች። ለስንት ሰው ስታደርገው የኖረችውን ልታደርግ የእርሳሱን ጫፍ ስሙ ላይ አሳረፈች። ከዚያ አነሣችው። «ከላይ እንጀምር» አለች።

ከላይ ጀመሩ። ሦስት ቁጥር ማሽን፣ ሁለተኛ ኦፕሬተር።

«ምን ሠራህ? በግስ ንገረኝ።»

«ሠራሁ።»

«ምን?»

«የታዘዝኩትን።»

«አልሲድ፣ እንደዚህ ከሆነ ኮነቲከት ነህ። ምን አደረግክ? ቀየርክ፣ ጠገንክ፣ አስተማርክ?»

ትንሽ አሰበ። «ሲሊንደር ቀየርኩ። ሸራ ገጠምኩ። ሲበጠስ ወረቀት አወጣሁ። ልጆች አስተማርኩ።»

«ስንት ልጆች?»

«መቁጠር ነበረብኝ እንዴ?»

«አዎ።»

«አሥር ይሆናሉ። ክሎቪስንም እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አለና ወደ ተከፈተው በር ተመለከተ። ከውጭ ሳል ተሰማ።

እየጻፈች ወደ ታች ወረደች። ሥራ የጀመረበት ቀን። ያቆመበት ቀን። የሌሎቹ ሁሉ ማብቂያ ፋብሪካው የተዘጋበት ቀን ነው፤ ያን ቀን ሳታይ መጻፍ ትችላለች። የአልሲድ ግን ከዚያ ይቀድማል። በእርሳስ የጻፈውን ቀን አየችው። ያ ቀን በመቃብር ድንጋይ ላይም ተጽፎ አለ።

«ፎርሙ ያቆምክበትን ምክንያት ይጠይቃል» አለች፣ እጇ ቁልፎቹ ላይ እንዳለ። «ምን ልበል?»

አልሲድ ኮፍያውን ከጉልበቱ ላይ አነሣ።

«ለነሱ የምጽፈውን እኔ አውቃለሁ፤ በግል ምክንያት ብዬ አልፋለሁ» አለች። «እኔ ነኝ የምጠይቅህ። ምን አደረግክ?»

«እስከ ዛሬ አልጠየቅሽኝም።»

«አልጠየቅሁህም።»

«መርማሪዎቹ ሲጠይቁኝ የሠራተኛ ማኅበሩ ጠበቃ አትናገር አለኝ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ የለም» አለ። ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እኔ መነሻው ጋ ነበርኩ፣ በወዲያኛው ጫፍ። ከሲሊንደሮቹ መሀል ወገቡ ድረስ ሲወጣ አየሁት። ወደኔ ዞረ። እጁን አነሣ፣ እንዲህ።» ክፍት መዳፉን ወደ ላይ አነሣ። «አስነሣ አለ ብዬ ተጫንኩ። እጁ መንገዱን ቀጠለ። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ። ላብ ነበረው። ኮፍያውን ገፍቶ የወደቀችበትን የወረቀት መቁረጫ ቢላዋ ሊያነሣ ተመልሶ ጎንበስ አለ። ያን ሳይ አቆምኩት። ያስነሣሁት እኔ ነኝ፣ ያቆምኩትም እኔ ነኝ። ያለው ይኸው ነው።»

እጁ አሁንም አየር ላይ እንዳለ ያወቀው ያኔ ነው። አወረደው።

ኦዴት ማያ ገጹን ታይ ነበር። የምታየው ግን ጽሑፉን አልነበረም። የራት ሰዓት ነው፤ ኖርማንድ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁ ክፍት ሆኖ ይነሣል፤ እሷ ዳቦ የጠየቃት መስሏት ብድግ ትላለች፤ እጁ ቀጥሎ ኮፍያውን ወደ ኋላ ይገፋል። ምን ፈለግክ ትለዋለች። ምንም ይላታል። በማግሥቱም ብድግ ትላለች። ስንት ዓመት ሙሉ፣ ምንም ላልፈለገ ሰው፣ ዳቦ ይዛ ቆማለች።

«ቤትም እንዲሁ ነበር» አለችው።

አልሲድ አያት።

«እጁ። ቤትም እንዲሁ ነበር። እኔም ስነሣለት ኖሬያለሁ።»

«በግል ምክንያት» ብላ ጻፈችና ወደ ቀጣዩ ዓመት አለፈች፤ እናትን ማስታመም፣ በረዶ መጥረግ፣ የቦይለር ፈቃድ፣ የጸና። አንድ ገጽ ሞላ። ግርጌው ላይ ሦስቱን ዋቢዎች እንደ ቅደም ተከተላቸው ጻፈች፤ ሦስተኛውንም።

«ሲደውሉልሽ ምን ትያቸዋለሽ?» አለ አልሲድ።

«እንጃ» አለች። «ሁለት ቅጂ ላትምልህ፤ አንዱን ፖስታ ውስጥ አታጥፈው፣ ሳይታጠፍ ስጣቸው።»

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ስልኩ ዝም ብሎ ሰነበተ። ኦዴት ራት ስትበላ መስኮቱ ገና ብርሃን ነበረው። ሾርባዋን ጀምራ ሳለች ከጠረጴዛው ማዶ የሆነ ነገር ከፍ ሲል በዓይኗ ጠርዝ ታያለች። ትነሣለች። ዳቦው በእጇ ሆኖ ከባዶው ወንበር ፊት ቆማ ራሷን ታገኛለች። ለዓመታት እንዲህ ሆና አታውቅም። አንድ ጊዜ ዳቦውን እቦታው መለሰችው። ሌላ ጊዜ ማዶ ካለው ሳሕን አጠገብ አስቀመጠችውና ሾርባዋን ጨረሰች። ሳሕኑን ማን እንዳስቀመጠው አላስታወሰችም።

ስልኩ የጮኸው ዓርብ ከሰዓት፣ ለቅዳሜ የሚዘፈዘፈውን ባቄላ ስትለቅም ነው።

«ደኅና ዋሉ። ሃስኬል እባላለሁ፣ ከትምህርት ቢሮ። ሚስተር ኖርማንድ ፔልቲየር አሉ?»

«የለም።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

የባቄላውን ሳሕን ራቅ አድርጋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አይመለስም። ሞቷል። እኔ ሚስቱ ነኝ።»

ሃስኬል ከደቡብ የመጣ፣ ከተማውን ገና የማያውቅ ሰው ነው። ወረቀት ሲገላብጥ ተሰማት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ማመልከቻው ላይ የተጻፈው... አመልካቹ ይህን አያውቁም ይሆን?»

«ያውቃል።»

«አልገባኝም።»

«ሲሞት ማሽኑን ያንቀሳቅስ የነበረው እሱ ነው» አለች ኦዴት። «ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከኔ ስማው። ከተማው ውስጥ የምትጠይቀው ሰው ሁሉ ይነግርሃል።»

ኦዴት ይዘጋል ብላ ጠበቀች፤ ሁሉም ይዘጉ ነበር። እሱ ግን አልዘጋም።

«ለቀድሞ አለቃ የምናቀርበው አንድ ጥያቄ አለ» አለ በመጨረሻ፣ እንደ ማፈር እያለ። «ለእርስዎ ማቅረቡ ተገቢ መሆኑን አላውቅም። ‹ዕድሉ ቢኖርዎት ይህን ሰው እንደገና ይቀጥሩታል ወይ?› ነው የሚለው።»

ኦዴት ከጠረጴዛው ማዶ ያለውን ወንበር አየች። በቀን ብርሃን ወንበር ብቻ ነበር፤ መደገፊያው ላይ ቀለሙ የለቀቀ። ወንዶቹን ሁሉ ያስገባው ሰው በዚያ ተቀምጦ ስለ አልሲድ ያወራ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች። ትዝ ያላት አንድ ነገር ነው፤ አንድ ክረምት ማታ ጫማውን እያወለቀ «ያ ረጅሙ ልጅ ዓይኑን ከእጄ ላይ አይነቅልም» ብሏት ነበር። እያመሰገነው ነበር።

«አዎ» አለች። «ይቀጥረዋል።»

«ለመዝገቡ ያህል፣ ይህን እንዴት ሊያውቁ እንደቻሉ...»

«አብሬው ኖሬያለሁ። አዎ ብለህ ጻፍ።»

ሲጽፍ ሰማችው። አመሰገናት፣ ሐዘኑን ገለጸላት፣ ዘጋ። ኦዴት ባቄላውን ለቅማ ጨረሰችና ዘፈዘፈችው።

አልሲድ ሥራውን አገኘ። ሰኞ ጠዋት ክሎቪስ ወደ ምድር ቤቱ ሲወርድ ወሬው ቀድሞት ነበር። ኦዴት ከኮምፒውተሮቹ የመጨረሻውን እያጸዳች ነው። የተለመደውን ቀልዱን አልተናገረም።

«ለሱ አፍ ሆንሽለት አሉ» አለ።

«ተጠየቅኩ፣ መለስኩ።»

«የኖርማንድን ስም ተወችለት አሉ። ለኔ ስንት ጊዜ አጥፍተሽብኛል።»

«አጥፍቻለሁ።»

«ምን ብሎ ነው ያሳመነሽ?»

«ኖርማንድ እጁን አነሣ አለኝ» አለች ኦዴት።

ክሎቪስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ ያለውን የቁልፍ ሰሌዳ እያየ ቆየ።

«ኮፍያውን ሊገፋ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ኦዴት ዞራ አየችው። «ታውቅ ነበር?»

«የሱን እጅ የማያውቅ ማን ነበር? ሁላችንም እናውቀው ነበር።»

ምድር ቤቱ ውስጥ የማሞቂያው ቧንቧ ተንኳኳ። ቤተ መጻሕፍቱና ትምህርት ቤቱ አንድ ቦይለር ነው የሚጋሩት፤ ሌላው ሰው ሁሉ የሚሰማው ሙቀቱን ነው፣ እዚያ የሚቀመጡት ግን መጀመሪያ የሚሰሙት ድምፁን ነው። ሁለቱም ቀና ብለው ቧንቧውን አዩት። ክሎቪስ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የወንዝ ማዶው የእንጨት መሸጫ ሰው ይፈልጋል።

«ስሙን ለኔም ተይልኝ» አለ።

ኦዴት ወረቀቱን ተቀብላ ዘረጋችው፣ መተየብ ጀመረች። ሁሉንም በግስ ጀመረችለት። ዓሣ ማጥመዱን አወጣችው። ግርጌው ጋ ስትደርስ የኖርማንድን ስም ጻፈች፤ የቤቷን ስልክ ቁጥር ክሎቪስ አንድ በአንድ ነገራት፣ እሷ የማታውቀው ይመስል፤ እሷም አንድ በአንድ ጻፈችው። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት እዚያው ነበር፤ ሁለቱም አላዩትም።

የእንጨት መሸጫው ሰዎች ለዋቢዎች የሚደውሉት ሐሙስ ነው።